ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን ማን አደረ? ሰኞ ሥራ ለምትጀምረው ባልደረባዬ

ሰኞ የቤት ለቤት የጤና ሥራ ትጀምሪያለሽ። ቦርሳውን፣ የደም ግፊት መለኪያውንና መዝገቡን ተረክበሻል። የቤት ቁጥሮቹንም አሳይተውሻል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ 11 ዓመት በር ሳንኳኳ የተማርኩት ነገር ግን መዝገቡ ላይ የለም። እሱን ልጻፍልሽ።

በጀመርኩበት ዓመት ቡና እየተፈላ አንድ ቤት ደረስኩ። «ቤተሰብ ስንት ናችሁ?» አልኩ። እትዬ «እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን» አሉኝ። አራት ብዬ ጻፍኩ። ከረከቦቱ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡናውን የምትቀዳው ልጅ ነበረች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከእጇ ተቀብዬ ጠጣሁ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ከአምስት ወር በኋላ ያቺው ልጅ ደም እየፈሰሳት በባጃጅ ጤና ጣቢያ መጣች። አርግዛ ኖሮ አንዲት ሴት በድብቅ ልታስወርድላት ሞክራ ነው። ተረፈች፣ ተመስገን። ቀጠናው የእኔ ስለሆነ ሐኪሙ «ዕድሜዋ ስንት ነው? የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። መዝገቤ ላይ የለችማ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ቤተሰብ ስንት ናችሁ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አንቺም አትጠይቂ። «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን ማን አደረ?» በይ። በየጊዜው የሚወጡት የአገሪቱ የጤና ዳሰሳ ጥናቶችም ትናንት ማታ ያደረውን ይጠይቃሉ። ቤተሰብ ስትይ ሠራተኛዋ ትወጣለች። ከገጠር ለትምህርት የመጣችው የእህት ልጅ ትወጣለች። ሰርቪሷን የተከራየው ሾፌርም ይወጣል። «ማን አደረ?» ስትይ ሁሉም ይገባል። ያን ጊዜ ከጓዳ አንድ ሰው ብቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜ አንቺን አጥብቆ የሚፈልግሽ እሱ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ቁጥሩ ይነግርሻል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ኤችአይቪ በደማቸው የተገኘው 0.9 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው «ቀላል ነው» ብሎ ይተኛል። ከፈል አድርገሽ እዪው። ገጠር 0.4 በመቶ፣ ከተማ 2.9። ወንዶች 0.6፣ ሴቶች 1.2። ባል የሞተባቸውና የፈቱ ሴቶች ዘንድ ደግሞ በጣም ከፍ ይላል። ያው አንድ አገር፣ ያው አንድ ቫይረስ ነው። የተለየው የሰዉ ኑሮ ነው። የሴት ገላ ለቫይረሱ የበለጠ የተጋለጠ መሆኑ አንድ ነገር ነው። በዕድሜ ከሚበልጣት፣ ገንዘብ ከያዘ ሰው ጋር መሆኗ ሌላ ነው። «ኮንዶም አድርግ» ለማለት አቅም ማጣቷ ደግሞ ሌላ። የእኛ ከተማ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት ደግሞ ከየገጠሩ ብዙ ልጃገረዶች መጡ። በእኔ ቀጠና አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ፈረቃቸውን እወቂ። የሌሊት ገቢዎቹን ጠዋት ብታንኳኪባቸው ተኝተው ነው የምታገኛቸው። እኔ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው የምሄደው።

አሁን ወደ ቡና ቀጂዋ ልመለስ። እንዴት ብቻዋን ታገኛታለሽ? እትዬን አትዋሺያቸው። በኋላ ከታወቀ በሩ ይዘጋብሻል፣ ልጅቷም ትቀጣበታለች። በግልጽ «እትዬ፣ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ማነጋገር የሥራዬ ደንብ ነው፤ ከእርስዎ ልጀምር» በይ። እሳቸውን በሩን ገርበብ አድርገሽ አነጋግሪያቸው። ምስጢር ሲጠበቅላቸው ያያሉ። ከዚያ ለልጅቷም አሥር ደቂቃ አይከለክሉሽም። «እሷ ገና ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች!» የሚሉ አሉ። «ልጅ ስለሆነች ነው እትዬ» ብለሽ ረጋ በይ። እምቢ ካሉ አትሟገቺ። እሑድ ሲለቋት ወይም ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ታገኛታለሽ።

ብቻችሁን ስትሆኑ «ባል አለሽ?» ብለሽ አትጀምሪ። ባል የሌላት ልጅ ይህን ስትሰማ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ያሰበችውን ሁሉ ትውጠዋለች። ስሟን ጠይቂ። አገሯን ጠይቂ። ቀጥለሽ «የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?» በይ። ይህ ጥያቄ ማንንም አያሳፍርም፣ ብዙ ነገር ግን ያወጣል። «ቀርቷል» ካለችሽ ፊትሽን አትቀይሪ። እጇን ያዢ። ቀጥሎ የሚመጣው ዝም ማለት ነው፤ ዝምታውን አትሙዪው፤ ጠብቂያት።

«በግድ ነው» ካለችሽ ሰዓቱን አስቢ። 72 ሰዓት ካላለፈ ኤችአይቪ እንዳይዛት ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው፤ «ነገ እንሄዳለን» አትበያት። እርግዝና የሚከላከለውም ድንገተኛ ክኒን እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ካረገዘች ደግሞ ሕጉን እወቂ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ ተደፍራ ላረገዘች ሴት በጤና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። የእሷ ቃል ይበቃል። ማስረጃ አምጪ አትባልም። ቡና የቀዳችልኝ ልጅ ይህን ብታውቅ፣ እኔም ጠይቄያት ብነግራት፣ ያቺ ሴትዮ ቤት ባልሄደች ነበር።

ስለ አባላዘር በሽታ ስታነሺ «ምልክት አለሽ?» ብቻ ብለሽ አታቁሚ። ጨብጥና ክላሚዲያ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ድምፃቸውን አጥፍተው ነው የሚቀመጡት። ልጅ ሆዷ ውስጥ የሞተባት ሴት ካገኘሽ ደግሞ የቂጥኝ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነ ጠይቂ። ቂጥኝ ፅንስ ይገድላል፤ መድኃኒቱ ግን ፔኒሲሊን ነው። የእሷ መታከም ብቻ አይበቃም፤ አጋሯ ካልታከመ መልሶ ያስይዛታል።

ወንዶቹን ቀን ቤት አታገኛቸውም። ጋራዥ ሂጂ። የጭነት መኪና ማቆሚያው ሂጂ። «ኤችአይቪ ልመርምርዎ» ብለሽ ብትጀምሪ ይበተናሉ። «ጋሼ፣ ደም ግፊትዎን ልለካ?» በይ። እጅጌ ይሰበሰባል፣ ሰዉም ወረፋ ይይዛል። እየለካሽ ጨዋታ ትጀምሪያለሽ። ይህ ማታለል እንዳይመስልሽ፤ ግፊቱም የሚገድል ነገር ነው። ወንዶች ዘግይተው ይመረመራሉ፣ ዘግይተው መድኃኒት ይጀምራሉ፣ ስለዚህም ቀድመው ይሞታሉ። እኔ ያገኘኋቸው ብዙዎቹ የመጡት በሳንባ ነቀርሳ ሳል ከስተው ነው። «ጤና ጣቢያ ብሄድ ሰው ያየኛል» ለሚል ሰው የኤችአይቪ ራስን መመርመሪያ ኪቱን አስረጂው። ሁለት መስመር ከታየ ግን ያ የመጨረሻ ውጤት አይደለም፤ ጤና ተቋም ሄዶ መረጋገጥ አለበት። ይህን ሳትነግሪ ኪቱን አትስጪ።

ሞትን መጠየቅ ከሁሉም ይከብዳል። የሰፈሩን እድር ጸሐፊ ተዋወቂ። መዝገባቸው ከእኛ የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የየመቃብሩን ቀብር የሚመዘግብ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነበር። የኤድስ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በኤድስ የሚሞተው አዋቂ ሰው መቀነሱ ከዚያ መዝገብ ነው የታየው። ከቀብር ቦታ።

እድሩ የማያውቀው ሞት ግን አለ። እኛ ሰፈር ክርስትና ሳይነሳ ለሞተ ሕፃን ድንኳን አይተከልም። ወንድ 40፣ ሴት 80 ቀን ሳይሞላቸው ካለፉ በዝምታ ይቀበራሉ። እናትየዋን «ልጅ ሞቶብሻል?» ብለሽ አትውጊያት። «ስንት ወለድሽ?» በይ። ቆይተሽ «ስንቱ አብረውሽ አሉ? ስንቱ ሌላ ቦታ ይኖራሉ?» በይ። የጎደለውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ፤ እሷም ከፈለገች ትነግርሻለች። ዊልያም ብራስ የሚባል ስኮትላንዳዊ የሥነ ሕዝብ ሊቅ፣ የልደትና የሞት መዝገብ በሌለበት አገር የሕፃናትን ሞት ከእነዚህ ጥያቄዎች ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል።

የእናቶችም ሞት የሚታወቀው እህት በመጠየቅ ነው። «እህት ነበረሽ? በእርግዝና፣ በምጥ ወይም ከወለደች በሁለት ወር ውስጥ ነው ያለፈችው?» እንዲህ ተጠይቆ ነው በአገራችን ከ100,000 ሕፃናት ልደት የእናቶች ሞት በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 412 መሆኑ የተገመተው። ስትመልስልሽ ሟቿ የት እንደዘገየች ለይተሽ ጻፊ። ቤት ውስጥ ባል እስኪፈቅድ? መንገድ ላይ? ወይስ ደርሳ ወረፋ ላይ?

እዚህ ላይ በጣም የምለምንሽ ነገር አለ። ከገጠር የመጣች ልጅ ስታረግዝ ክትትሏን ከእኛ ጋር ታደርጋለች። ደስ ይለናል። ስምንተኛ ወሯ ላይ ትጠፋለች። የት ሄደች? እናቷ ጋ ልትወልድ። እናት ገንፎ ታገነፋለች፣ አራሷን ትንከባከባለች፤ የማይፈልግ የለም። ነገር ግን በዚያው በ2008ቱ ዳሰሳ ከከተማ ወላዶች 79 በመቶው፣ ከገጠር 20 በመቶው ብቻ ነበሩ ጤና ተቋም የወለዱት። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ልጅቷ ግን ከሰፊው በር ወጥታ ወደ ጠባቡ እየሄደች ነው፤ እኛ መዝገብ ላይ «ከተማ» እንደተባለች ትቀራለች። ስለዚህ በስድስተኛው ወር «የት ልትወልጂ አስበሻል?» ብለሽ ጠይቂ። «አገሬ» ካለች አትከልክያት። ካርዷን አስይዣት። የዚያን ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ስልክ ፈልጊና በእጇ ስጫት። ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት በፊት እንድትገባ ለእናቷም ደውለሽ ንገሪ። እኔ ስደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ልጅቷ ፊት ነው የማወራው።

የግል ማስታወሻሽ ላይ ስም አትጻፊ። የቤት ቁጥርና ለአንቺ ብቻ የሚገባ ምልክት ይበቃል። አንድ ቀን ማስታወሻዬን ሻይ ቤት ረስቼ ግማሽ መንገድ በሩጫ ተመልሻለሁ። ስም ስላልነበረው ብቻ ነው ያን ሌሊት የተኛሁት።

ሰኞ ስትወጪ ከዋናው በር አትጀምሪ። ጊቢውን ዙሪና ከኋላ ካሉት ክፍሎች ጀምሪ። ቡና ከቀረበልሽ ደግሞ ስኒውን ከመቀበልሽ በፊት የቀጂዋን ስም ጠይቂ።