ተረት ሲበዛ ወግ ይነቅዛል

ወግ መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች ጽሑፋቸውን እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። አነባለሁ፣ አርማለሁ፣ እመልሳለሁ። ዓመታት ሠርቼዋለሁ፤ ደስም ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አምስት ወግ በተከታታይ አነበብኩና ሦስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀመሩ፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ አበው…»። አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ነው። ሌላው ስለ ትዳር። ሦስተኛው ስለ መንጃ ፈቃድ። ያኔ ነው ይህን ልጻፍ ብዬ የተቀመጥኩት።

በተረት መጀመር

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ነገሩን ገና ሳታሳዩን ፍርዱን ሰጣችሁት። እንቁላሉ በእግሩ ከሄደ በኋላ እኛ ምን ልናይ እንቀመጣለን?

ስለ ቤት ኪራይ የጻፈችውን ልጅ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ተረቱ መጣ። ቀጥሎ ኑሮ እንዴት እንደከበደ ሁለት አንቀጽ። ሦስተኛው አንቀጽ መሃል ላይ እንዲህ የሚል ነገር ደብቃለች፦ አከራይዋ ወር ሲሞላ በሯን አያንኳኩም። በጠዋት ተነስተው ግቢውን መጥረግ ይጀምራሉ። መጥረጊያው በሯ አጠገብ ሲደርስ ቀስ ይላል። እሷ እስክትወጣ ድረስ ያቺኑ አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ ደጋግመው ይጠርጋሉ። እሷ ደግሞ ውስጥ ሆና፣ ብሩን በእጇ ይዛ፣ ትንሽ ቆይታ ለመውጣት የመጥረጊያውን ድምፅ ትቆጥራለች።

ወጉ ይሄ ነው እኮ! ይህን የመሰለ ነገር ያየች ልጅ እንቁላል ምን ያደርግላታል? ወዲያው ደወልኩላት።

«በመጥረጊያው ጀምሪ።»

«ተረቱስ?»

«አውጪው።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ባዶ አይሆንም?» አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ አንጀቴን በላችው። አብዛኞቹ ጀማሪዎች ተረት የሚያስቀድሙት ከስንፍና አይደለም፤ ይፈራሉ። የእኔን ዓይን ማን ያምነዋል፣ አበው ከፊት ይቅደሙልኝ ይላሉ። እኔም ለዓመታት እንደዚሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የድሮ ደብተሬን ስገልጥ በተረት ያልጀመርኩት ገጽ ጥቂት ነው። ስለዚህ አልቆጣችሁም። ግን እባካችሁ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ዓይን ተዉለት።

ተረትን ምስክር ማድረግ

አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ስለ ዝምታ ጥቅም ሦስት ገጽ ጻፈ። መከራከሪያው ይቺው ብቻ ነበረች። እኔም ዳር ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንደኛው ሰው በንዴት አፉን ሊከፍት ሲል ይባላል፤ ሌላው ደግሞ ሰው ጭንቀቱን ውጦ ሲከሳ። መቼና ለማን እንደተባለ ካልነገራችሁን እርስ በርሳቸው ይጣረሳሉ።

በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ነገሩን በግጥምና በምሳሌ አሳምሮ ያቀርብ ነበር። ባላጋራውም በራሱ ምሳሌ ይመልስለታል። ምስክር መቁጠር ግን አይቀርም። ምሳሌ ጆሮ ያስከፍታል፤ ቀሪው የናንተ ሥራ ነው።

ቃሉን ሳያውቁ መተረት

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምትለውን ሰው ሁሉ ይጽፋታል። «ልጥ ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅኳቸው ግን ብዙዎቹ አያውቁም። ልጥ ከዛፍ የሚላጥ ልጣጭ ነው፤ እንደ ገመድ ያስሩበታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲጥሉት የሚጠማዘዝ። አሁን አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ተጋድሞ አስቡት። እንኳን አንዴ የተነደፈ ሰው ሌላውም ይደነብራል። ልጡን ያየ ጸሐፊ ተረቱን ባይጠቅሰው እንኳ የዚያን ሰው ድንጋጤ መጻፍ ይችላል።

ሌላ ደግሞ አለ፦ «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል»። አንድ ወጣት ይህን ገልብጦ አመጣው፤ ላሹን ብልህ፣ አልቃሹን ሞኝ አድርጎ። ለምን ስለው፣ «ጨው ምን ያስለቅሳል? ርካሽ አይደል እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ዛሬ ርካሽ ነው። ግን አሞሌ ጨው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ከአፋር ጨው ሜዳ እየተቆረጠ፣ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣል። ክምሩ ሲናድ የሚፈሰው ሀብት ነው። ብልሁ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ሞኙ ደግሞ ሀብቱ ሲወድም እሱ የሚታየው ምላሱ ላይ ያለው ጣዕም ብቻ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ወጉን እንደገና ጻፈው። በጣም ጥሩ ሆነ።

ተረቱን መጠገን

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን»። ማሰሪያ ግስ የለውም። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር»። ይህም የለውም። «ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ»። እዚህም የለም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ተናጋሪው ልክ እዚያ ሲደርስ ያቆማል፤ ሰሚው በልቡ ይጨርሰዋል። ደስታው ያለው እዚያ ጋ ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚመታ ሰው» ብላችሁ ስትጽፉ የሰሚውን ድርሻ ወሰዳችሁበት።

ቤት መምታቱንም አትንኩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ጆሮ ላይ የሚቀረው በድምፁ ነው። «ድሮች ቢተባበሩ አንበሳን ማሰር ይችላሉ» ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ተረቱ ግን ሞቷል።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው»ን ደግሞ ለጥቂት ዓመታት አሳርፉት፤ ደክሞታል።

ሁሉን ነገር ለአበው መስጠት

«የሺህ ማይል ጉዞ በአንድ እርምጃ ይጀምራል እንዲሉ አበው።» አበው እንዲህ አላሉም። አባባሉ ከጥንታዊት ቻይና ነው፤ ወደ እኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ በኩል መጣ። ማይሏ ራሷ ታጋልጣለች፤ የእኛ ሰው መንገድን «የግማሽ ቀን»፣ «የሦስት ቀን» እያለ ነበር የሚለካው። ጥሩ አባባል ከየትም ይምጣ፣ ተጠቀሙበት። ባለቤቱን ግን አትቀይሩ። ደግሞስ ለምን ሁልጊዜ አበው ብቻ? እኔ የማውቀውን ተረት አብዛኛውን የሰማሁት ከሴቶች አፍ ነው።

ሰውን የሚያዋርድ ተረት

እዚህ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የንባብ ምሽት ላይ ወግ አቀረብኩ። መሃሉ ላይ ዓይነ ስውርን መሳቂያ የሚያደርግ ተረት ነበረበት። ሰው ሳቀ። ከፊት መደዳ አንድ ሰው ነጭ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እሱ አልሳቀም። በትሩን አነሳ፣ አጠፈው፣ በሁለት እጁ ያዘው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳነበብኩ አላስታውስም። ሲያልቅ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ስለ ሴት፣ ስለ ሸማኔ፣ ስለ ሸክላ ሠሪ፣ ስለ ድሃ እንዲህ ያለው ተረት ሞልቷል። ገጸ ባሕሪያችሁ የሚለው ከሆነ ይበለው፤ እንደዚያ የሚናገር ሰው አለና። በራሳችሁ ድምፅ ግን አትድገሙት። «ተረት ነው እኮ» ማለት መልስ አይሆንም።

አባባል ለመፍጠር መቸኮል

አዲስ አባባል መፍጠር ያምራል፤ እኔም እመኘዋለሁ። ችግሩ ጀማሪዎች የሚያመጡት ሁሉ «ሕይወት እንዲህ ናት»፣ «ስኬት እንዲያ ነው» የሚል መሆኑ ነው። የሚዳሰስ ነገር የለበትም። ሚኒባስ ውስጥ የሚለጠፉትን ጥቅሶች ተመልከቱ። «ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል» የምትለውን ውሰዱ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆኖ ተጠጋግቶ ለሚሄድ ሰው ነው የተጻፈችው። ትከሻው ከሰው ትከሻ ጋር ተጣብቆ ያነባታል። ፍቅር የሚለው ቃል ብቻውን ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር፤ ታክሲውና ባሱ ናቸው የተሸከሙት። እናንተም መጀመሪያ የሚዳሰሰውን ያዙ። አባባሉ ከመጣ ይመጣል፣ ካልመጣም ወጉ አለላችሁ።

ተረቱን ሰምቶ ሰውየውን መርሳት

ብዙ ልጆች ደብተር ይዘው ተረት ይሰበስባሉ። ጎበዞች። ግን ተረቱን ብቻ ነው የሚጽፉት። ማን አለው? ለማን? እጁ ምን እየሠራ ነበር? እነዚህን ካልጻፋችሁ የያዛችሁት ዝርዝር ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ቤት ነበርኩ። አንዲት እናት ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀሙ ነው። ልጃቸው ሥራ ልትሄድ ጫማዋን ቆማ ታጠልቃለች፤ አርፍዳለች። ቦርሳዋን ልታነሳ ስትዞር ክርኗ ሰፌዱን መታውና ምስሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከአልጋው ሥር ሳይቀር ገባ። ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ያ ሳምንት ከብዷት ነበር። እናትየው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ከበርጩማቸው ወርደው ተንበረከኩና መልቀም ጀመሩ። እየለቀሙም፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ግማሿን ብቻ አሉ። ልጅቷ ሳቀች። ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ተንበረከከች። እኔም ተነሳሁና ከአልጋው ሥር ያለውን ለቀምኩ።

ይህን ማታውኑ ስጽፈው ተረቱን ሞልቼ ጻፍኩት። ሥሩ ላይ ስለ ትዕግሥትና ስለ እናት ፍቅር አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። በማግስቱ አንቀጹን ሰረዝኩ። ከሳምንት በኋላ «አፍስሳ ለቀመች» የሚለውንም ሰረዝኩ፤ ምስሩ ወለሉ ላይ ነበራ። ደብተሬ ላይ አሁን ያለው የሰፌዱ፣ የክርኗና የጉልበታቸው ነገር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ እሳቸው ያሏት ልክ እንዳሏት፦ «የቸኮለች…»