የቫምፓየር መለወጥ የምር ነው ወይስ አይደለም? እንዴት እንደምትፈርዱ

ቡፊን (ስለ ቫምፓየር አዳኟ ቡፊ የሚያወራውን፣ በፈረንጆች ከ1997 እስከ 2003 የታየውን ተከታታይ ድራማ) እያያችሁ "ቫምፓየሩ ስፓይክ ተለውጧል፣ አልተለወጠም" ብላችሁ ከጓደኛ ጋ ከተጨቃጨቃችሁ መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ፣ ምን አሰበ እና ማንን ጎዳ።

ከዛ ክፋቱን ለምን እንዳቆመ እዩ። 4ኛው ሲዝን ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ቺፕ ገብቶበት ሰው ሊነክስ ሲል ራሱን ስለሚያመው ነው የተወው፣ ይሄ መታሰር እንጂ ንስሐ አይደለም፣ ጉዳቱ ቢቀንስም ሀሳቡ ያው ነው።

6ኛው ሲዝን ላይ ቀስ በሉ። ቡፊን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊደፍራት ሞከረ፣ ከዛ አፍሪካ ድረስ ሄዶ የተሰጠውን ፈተና አልፎ ነፍሱን አስመለሰ (ድራማው ላይ ሰው ቫምፓየር ሲሆን ነፍሱን ያጣል)። መሄዱን በሀሳብ በኩል ቁጠሩለት፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ሌላኛው ቫምፓየር ኤንጀል እኮ ነፍሱ የተመለሰችለት በእርግማን እንጂ ጠይቆ አይደለም። ግን በዚህ የቡፊን ጉዳት እንዳታጣፉ፣ "ይወዳት ነበር እኮ" የሚል ከመጣ "እሷስ ምን ሆነች?" በሉት።

ኤንጀል ጋ ደግሞ አስተማሪዋን ጄኒን የገደላት ነፍስ ሳይኖረው ነው፣ እሺ ሀሳቡ የሱ አይደለም እንበል፣ የቡፊ አሰልጣኝ ጃይልስ ግን ቤቱ ገብቶ አልጋ ላይ ያገኘው የሚወዳትን የጄኒን ሬሳ ነው። ስለዚህ ይቅር ለማለት እናንተ አትቸኩሉ፣ የተጎዳው ሰው ምን እንዳለ እዩ (እኔ በግሌ ደራሲዎቹ ጃይልስን ቶሎ ረስተውታል ባይ ነኝ)።

እና በአጫጭር ክሊፕ ብቻ አትፍረዱ፣ ክሊፕ የሚቆርጡት ሰዎች ቫምፓየሩ የሚያለቅስበትን እንጂ የሚጎዳበትን አያስገቡም።