የመከነው ወንድ የቆላ ዝንብ ሥራውን አልሠራ ሲል

ቃሊቲ የሚገኘው የቆላ ዝንብ ማርቢያ የተገነባው ወንዶቹን በጨረር አምክኖ፣ ዝንቡ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ከብት ወደሚፈጅበት ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለመልቀቅ ነው። ሴቷ ብዙውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ነው የምትገናኘው። ያ ወንድ መካን ከሆነ ዘሯ እዚያው ያበቃል። ማምከኑ ብዙም አይከብድም። ጣጣው ከጨረሩ በኋላ የሚመጣው ጠባይ ነው።

ምልክት፦ አይበሩም

ሁሉም መጀመሪያ ጨረሩን ይወቅሳል። አትቸኩሉ። ከዚያው ዙር ጨረር ያልነካቸው ጥቂት ፑፓዎች (ገና ዝንብ ሆነው ያልወጡ፣ ቅርፊት ውስጥ ያሉ) አስቀሩ። ጨረር ከነካቸው ጋር እኩል አቀዝቅዟቸው፣ በአንድ መኪና አጓጉዟቸው። ከዚያ ሁለቱንም ወገን ውስጡ የታልክ ዱቄት በተቀባ አጭር ቱቦ ስር አስቀምጡ። ታልኩ ስለሚያንሸራትት እየዳኸ የሚያመልጥ የለም፤ የሚወጣው የሚበር ብቻ ነው። ጨረር ያልነካቸውም ከቀሩ ጥፋቱ የቅዝቃዜው፣ የጉዞው ወይም የአመጋገቡ ነው። የተነኩት ብቻ ከቀሩ ግን መጠኑ በዝቷል።

ምልክት፦ ይበራሉ፣ ሴት ግን አያገኙም

ይህም ብዙ ጊዜ የመጠን ጉዳይ ነው። ጨረር የዘር ሕዋስን ብቻ መርጦ አይመታም፤ ሌላውንም አካል ይጎዳል። አንድም ሳይቀር ይምከን ብሎ ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) መጨመር ያጓጓል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ፍጹም መካን ሆኖ ሴት ከማያሳድድ ወንድ ትንሽ የማስወለድ አቅም የቀረው ጉልበተኛ ይሻላል።

ስለዚህ መጠኑን ቀንሱ። ጊዜውንም አስተካክሉ፤ አካሉ ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል፣ ማለትም በፑፓነት መጨረሻ ላይ፣ ጉዳቱ ይቀንሳል። ደግነቱ ሴቶቹ ከወንዶቹ ቀድመው ይፈለፈላሉ። እነሱ ከወጡ በኋላ የሚቀሩት ፑፓዎች በአብዛኛው ወንድ ናቸው፤ ያኔ ጨረሩን ስጡ። በናይትሮጅን ውስጥ ማድረግም ይረዳል፣ ኦክስጅን ሲያንስ ጉዳቱም ያንሳልና። ግን የዘር ሕዋሱም አብሮ ስለሚተርፍ መጠኑን እንደገና መፈተን ግድ ነው።

ምልክት፦ ሴቶቹ አሁንም ይወልዳሉ

እዚህ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጨረሩ አንሷል። የጨረሩ ምንጭ ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት ግማሽ ኃይሉን ያጣል፣ በወር 1 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የዓምናውን የጨረር ደቂቃ ዛሬ ከተጠቀማችሁ 12 በመቶ ያህል ጎድሎባችኋል። ደቂቃውን በየወሩ አስሉ። የጨረር መለኪያ ፊልም መሃልም ጠርዝም ላይ አድርጉ፤ ሁሉም ቦታ እኩል አይደርሰውም። ሒሳቡ ትክክል ከሆነ ፑፓዎቹ ያሉበትን ዕቃ ክዳን ተመልከቱ። ጥብቅ ብሎ ከቆየ ፑፓዎቹ ኦክስጅኑን ተንፍሰው ይጨርሱትና፣ ማንም ሳያስበው የናይትሮጅኑን ያህል ከለላ ያገኛሉ።