የመጀመሪያዋን ማዝዳ ሚያታ በቤት ግቢ እንዴት ማደስና ማሻሻል ይቻላል

ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ሚያታን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ወረቀት ላይ የሚያስደንቅ ቁጥር አልነበራትም። 1.6 ሊትር ሞተር፣ 116 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት መቀመጫ፣ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ። ክብደቷ ግን አንድ ቶን አይሞላም፤ ጉልበቷ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፤ አራቱም ጎማዎቿ ከላይና ከታች በብረት ክንዶች ተይዘው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ጊዜ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የነዳት ሰው ስለ ጉልበቷ ማነስ ማሰቡን ይተዋል።

እስከ 1997 የተሠራችው ይህች የመጀመሪያ ትውልድ፣ መብራቷ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚለው ማለቴ ነው፣ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አካባቢና ከዚያም በላይ ሆኗታል። አሜሪካ ውስጥ መለዋወጫዋ አሁንም ይገኛል። አብዛኛው ብሎኗ በ10፣ በ12፣ በ14 እና በ17 ቁልፍ ይፈታል። በገዛ እጁ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከሌሎች አሮጌ የስፖርት መኪናዎች ሁሉ አስቀድሜ እሷን የምመክረው ለዚህ ነው።

ምክሬ ግን ቅደም ተከተል አለው። ሚያታ የገዛ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቱርቦ፣ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ ወደሚያስገባው መሣሪያ፣ ነው። እኔ በሜሪላንድ ቤቴ ግቢ ውስጥ በ1991ዋ ሚያታዬ ላይ ስሠራ ያየሁት፣ ከጉልበት ማነስ ይልቅ እርጅና የበለጠ እንደጎዳት ነው። የደረቀ ጎማ፣ ውሃ የጠጣ የፍሬን ዘይት፣ የደከመ ሾክ አብዞርበር። እነዚህን ስትመልሱላት አንድ የፈረስ ጉልበት ሳትጨምሩ ሌላ መኪና ትሆናለች። ስለዚህ መጀመሪያ አቋቋሟን፣ ቀጥሎ አተጣጠፏን፣ ሩጫዋን በመጨረሻ እንያዝ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጥሩ ክሪክ፣ አራት የመኪና መደገፊያ ስታንድ፣ የሚሊሜትር ቁልፎች፣ ቶርክ ሬንች (ብሎንን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ) እና መኪናችሁ የተሠራችበትን ዓመት የሚመለከት የጥገና መጽሐፍ ያስፈልጋችኋል። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ላደገ ሰው መጽሐፉ መጀመሪያ ያደናግራል። እኛ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ብሩጎላ ብለን ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን ስሞች እንግሊዝኛው በሌላ ይጠራቸዋል። እኔ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ የእኛን ስም በእርሳስ ጻፍኩበት፤ ዛሬ ልጄ ቁልፍ ሲያቀብለኝ የሚያነበው እሱን ነው።

መኪናዋን ከፊት ስታነሱ ክሪኩን በሞተሩ ሥር ባለው ወፍራም ተሻጋሪ ብረት መሃል አድርጉት፤ ከኋላ ደግሞ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች በሚያካፍለው ዲፈረንሻል ሥር። ከዚያ ስታንዶቹን በጎኗ ባሉት የተጠናከሩ ቦታዎች አስገቡና መኪናዋን በእነሱ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር እጃችሁንም አታስገቡ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ወዝወዝ አድርጓትና መርጋቷን እዩ።

አንደኛ፦ ዝገቱንና ውሃውን ፈልጉ

ሚያታን የሚገድላት ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ባለው የጎን ብረት ላይ ነው፤ መነሻው ደግሞ ጣሪያው ነው። ሸራው ላይ የወረደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ መሬት መውረድ አለበት። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው ምንጣፉን ያረጥባል፣ ብረቱንም ከውስጥ ይበላዋል። ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡና ጥረጉ፤ ከዚያ ከጠርሙስ ውሃ አፍስሱበትና ከኋላ ጎማው ፊት ሲንጠባጠብ ተመልከቱ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ መኪና ያጣነው በዚህ ነው።

መኪናዋ የ1990 ወይም የ1991 መጀመሪያ ከሆነች ከሞተሩ ፊት ያለውን የክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ፣ ማለትም ቺንጋ የሚያዞረውን መዘውር፣ እዩ። ባለ 4 ክፍተት ከሆነ ክራንክሻፍቱ አጭር አፍንጫ ያለው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በዚህኛው ዓይነት ላይ የፊት ብሎኑ በትክክል ካልጠበቀ ፑሊውን የሚይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅና ማረፊያው እየተበሉ ይሄዳሉ። ባለ 8 ክፍተቱ ከዚያ በኋላ የመጣው የተሻሻለው ነው። ሞተሩን አስነሡና ፑሊው እየተወላገደ እንደሆነ ተመልከቱ። ገና ልትገዙ ከሆነና ከተወላገደ፣ ሌላ ፈልጉ።

ባትሪዋ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ መሆኑንም አትርሱ። ከፋብሪካ የመጣችበት ሙሉ በሙሉ የታሸገ፣ ጋዙ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ የሚወጣ ዓይነት ነው። ርካሽ ተራ ባትሪ ያስገባ ሰው ከጊዜ በኋላ የሚያገኘው በአሲድ የተበላ ብረት ነው።

ሁለተኛ፦ ቺንጋና ማቀዝቀዣ

የፒስተንንና የባልቦላን እንቅስቃሴ የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ በየ60,000 ማይሉ፣ ማለትም በየ96,000 ኪሎሜትር ገደማ ይቀየራል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። የዚህች ሞተር ደግነቱ ቺንጋው ቢበጠስ ፒስተንና ባልቦላ አለመጋጨታቸው ነው፤ መንገድ ላይ ትቆማላችሁ እንጂ ሞተሩ አይሰበርም።

ሥራው አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይወስዳል። አሮጌው ቺንጋ ከመውጣቱ በፊት ምልክቶቹን ሁሉ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሡ። አዲሱ ከገባ በኋላ ሞተሩን በቁልፍ ብቻ፣ በእጃችሁ ኃይል፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩትና ምልክቶቹ ቦታቸው መመለሳቸውን አረጋግጡ። አንድ ጥርስ እንኳ ከዘለለ መልሳችሁ ፍቱ። እዚያው ሳላችሁ የውሃ ፓምፑን፣ ማወጠሪያዎቹንና የዘይት መከላከያ ጎማዎቹን አብራችሁ ቀይሩ፤ ለእነሱ ስትሉ ያን ሁሉ እንደገና መፍታት ያሳዝናል።

ራዲያተሩን ከላይ እዩት። የፕላስቲኩ ጥቁር ቀለም ወደ ቡናማ ከተለወጠ ደርቋል፣ ሊሰነጠቅም ነው። የውሃ ማኒኮቶዎቹን በሙሉ ቀይሩ፤ ከሞተሩ ጀርባ ተደብቀው ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትንም ጭምር። እኔ እነዚያን ለመድረስ ስለሚያስቸግሩ አልፌያቸው ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንደኛው አውራ ጎዳና ላይ ፈነዳና ሞተሩን ከመጋል ያዳንኩት የሙቀት መለኪያውን በማየቴ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ፍሬን

እዚህ ላይ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም አትቆጥቡ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃ የገባበት ዘይት ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ የሚፈጠረው አረፋ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዶት 4 የሚል አዲስ ዘይት ግዙ፤ ከታሸገበት ዛሬ የከፈታችሁት ይሁን።

አሮጌውን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው በጎማው በኩል ያለችውን ትንሽ ማስተንፈሻ ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። ከሩቁ ጀምሩ፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። በመሃሉ የዘይት ጋኑ እንዳይጎድል፤ አየር ከገባ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። የወጣው ዘይት እንደ ጠላ ጠቁሮ ስታዩ ለምን ፔዳሉ ይላላ እንደነበር ይገባችኋል።

የኋላ የፍሬን ሸራ ስትቀይሩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የፊቱን ፒስተን በመጭመቂያ መግፋት ይቻላል፤ የኋላው ግን የእጅ ፍሬን ስላለበት አይገፋም። የእጅ ፍሬኑን አውርዱ፤ ሸራውን ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል፣ ከካሊፐሩ፣ ጀርባ ያለችውን መክደኛ ብሎን ፍቱ፤ ውስጧ በ4 ሚሊሜትር ብሩጎላ የሚዞር ማስተካከያ አለ። ወደ ግራ ስታዞሩት ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይመለሳል። አዲሱ ሸራ ከገባ በኋላ ዲስኩን እስኪነካ ወደ ቀኝ አዙሩ፣ ከዚያ አንድ ሦስተኛ ዙር መልሱለት። በኃይል የሚጨምቅ ሰው ያንን ማስተካከያ ይሰብረዋል።

ማሻሻል የምትፈልጉ ከሆነ ለ1.6 ሞተሯ መኪና የማውቀው ጥሩ ለውጥ ከራሷ እህት የሚመጣው ነው። ከ1994 ጀምሮ 1.8 ሊትር ሞተር ይዛ የመጣችው ሚያታ የፊት ዲስኳ 255 ሚሊሜትር ነው፣ የቀድሞዋ 235። የ1.8ቱን የካሊፐር መያዣ፣ ዲስክና ሸራ ገዝታችሁ በብሎን ብቻ ታስገባላችሁ፤ የሚቆረጥም የሚበየድም የለም።

ጨርሳችሁ ስትወጡ መጀመሪያ በግቢ ውስጥ በዝግታ ፔዳሉን ሞክሩ። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ሳትቆሙ ደጋግማችሁ በመጠኑ በመያዝ ሸራውንና ዲስኩን አላምዷቸው።

አራተኛ፦ ጎሚኒ፣ ሾክ አብዞርበርና ጎማ

በብረት ክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች ሠላሳ ዓመት ቆይተው ድንጋይ ሆነዋል ወይም ተሰነጣጥቀዋል። የእነሱ መቀየር የሚሰጠውን ለውጥ በጽሑፍ ማስረዳት ይከብደኛል፤ መሪው ከእጃችሁ ጋር መነጋገር ይጀምራል። ሥራው ግን ከባድ ነው። ረጃጅሞቹ ብሎኖች በዝገት ተጣብቀው ይገኛሉ፣ ስለዚህ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምራችሁ ማታ ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉባቸው። ከመፍታታችሁ በፊት የጎማውን አቀማመጥ የሚወስኑት ብሎኖች የት ላይ እንደቆሙ ምልክት አድርጉ።

አንድ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፦ የጎሚኒ ብሎኖችን መኪናዋ ተሰቅላ ጎማዎቿ ተንጠልጥለው ሳሉ አታጥብቁ። ጎሚኒው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በተንጠለጠለበት ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሳይውል ሳያድር ይቀደዳል። እስኪነካ ብቻ አስጠጉት፣ ክብደቷን በጎማዎቿ ላይ አሳርፉ፣ የመጨረሻውን ጥብቀት ያኔ ስጡት። አንድ ጋራዥ ለወዳጄ በተንጠለጠለበት አጥብቆለት አዲሶቹ ጎሚኒዎች በዓመቱ ተቀደዋል።

ሾክ አብዞርበር ስትቀይሩ ሞላውን ለመጨቆን የምትጠቀሙበት መሣሪያ ጤነኛ ይሁን፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ሞላ ቆርጦ መኪናዋን ዝቅ ማድረግን አልደግፍም። የሾክ አብዞርበሯ መንቀሳቀሻ ቦታ ከመነሻውም ጠባብ ነው፤ ስትቆርጡት ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር መጨረሻው ላይ ትመታለች።

ጎማዋ ከፋብሪካ 185/60 በ14 ነበር። 195/50 በ15 ዛሬ ብዙ ምርጫ ያለው መጠን ነው፤ ቸርኬ ስትገዙ 4 ብሎን በ100 ሚሊሜትር የሚለውን ፈልጉ፣ ቀላሉንም ምረጡ። የቸርኬ ዳዶዎቹን ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ በቶርክ ሬንች አጥብቁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጎማ አቅጣጫ ለሚያስተካክል ባለሙያ ውሰዷት፤ ይህን ክፍል በቤት መሥራት አይመከርም።

አምስተኛ፦ ማርሽ

ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ዘንጉ ሥር የራሱ ትንሽ የዘይት ጽዋ አለው። በውስጡ ያለው ዘይት ከካምቢዮው ዘይት ጋር አይገናኝም፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች መኖሩንም አያውቁም። መሃል ያለውን ሳጥን አንሥታችሁ ዘንጉን አውጡ፣ አሮጌውን ምጠጡ፣ ወደ 90 ሚሊ ሊትር የካምቢዮ ዘይት ጨምሩ፣ የተቀደዱትን የጎማ መሸፈኛዎች ቀይሩ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ማርሹ እንደ አዲስ ጠቅ ጠቅ ይላል።

ስድስተኛ፦ ጉልበት

አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ የካንዴላ ሽቦ፣ ንጹሕ የአየር ማጣሪያ። ከእነዚህ ቀጥሎ በነጻ የሚገኝ ነገር አለ። የእሳቱ ጊዜ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ከፋብሪካ 10 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን የምትሞሉ ከሆነ እስከ 14 ማድረስ ይቻላል። ሞተሩ ይሙቅ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ ይሁን። በኮፈኑ ሥር ካለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ቴን (TEN) እና ጂኤንዲ (GND) የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኙ፤ ይህ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳያስተካክል ያደርገዋል። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ ያለውን ሴንሰር የሚይዘውን የ12 ብሎን አላሉ፣ በታይሚንግ መብራት ፑሊውን እያያችሁ ሴንሰሩን በጥቂቱ አዙሩ፣ አጥብቁ፣ ሽቦውን አውጡ። ዳገት ላይ ሞተሩ ካንኳኳ ወደ 10 መልሱት።

ከገበያ የሚገዙ የአየር መሳቢያዎች አብዛኞቹ የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባሉ፤ ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምሩም። ማርሚታ መቀየር ደስ ይላል፤ ጭስ የሚያጣራውን ካታላይዘር ማውጣት ግን በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። ቱርቦ ደግሞ ነዳጁን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር፣ ጠንካራ ፍሪሲዮን፣ ትልቅ ራዲያተር አብሮ ይጠይቃል፤ የ1.6ቷ ዲፈረንሻልም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሸነፋል። እስከዚያ ድረስ ያሉትን ደረጃዎች ጨርሳችሁ አንድ ዓመት ከነዳችኋት በኋላ አሁንም ከፈለጋችሁ ያኔ አስቡበት።

የፈታችሁትን ሁሉ በደብተር ላይ ከቀኑና ከማይሉ ጋር ጻፉ። ከ50 ማይል በኋላ የቸርኬ ዳዶዎቹንና የጎሚኒ ብሎኖቹን መኪናዋ በጎማዎቿ ላይ እንደቆመች፣ የነካችኋቸውን ሌሎች ብሎኖች ደግሞ መልሳችሁ አንሥታችኋት በቶርክ ሬንች እንደገና ፈትሹ፤ በፍሬን ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይም ነጭ ጨርቅ አሳርፉና እርጥበት መኖሩን እዩ።