በሚለዋወጥ አየር ከጃፓን አስጎብኚ ቡድን ጋር ለመጓዝና ለመመገብ የሚረዳ መመሪያ

በጃፓን የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉብኝት የሚታዩት ቦታዎች፣ የምሳው ሰዓትና ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምግብ ጭምር ከጉዞው ቀደም ብለው የተወሰኑ ስለሆኑ፣ ዝናብ ቢመጣ ተጓዡ መርሐ ግብሩን ማሸጋሸግ አይችልም። በእጁ ያለው በተመደበለት ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚያይና እንዴት እንደሚያየው መወሰን ብቻ ነው፤ ለዚህም ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል።

በቶኪዮና በኪዮቶ አካባቢ ትሱዩ የሚባለው የዝናብ ወቅት በአብዛኛው ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይቆያል፤ ታይፉን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ደግሞ በይበልጥ የሚያሰጋው በነሐሴና በመስከረም ነው። በተራራማ ስፍራዎች ግን በየትኛውም ወቅት ቢሆን ጠዋት የጠራው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ትንበያውን ሲመለከቱ የሚነሡበትን ከተማ ሳይሆን የሚሄዱበትን ስፍራ ይመልከቱ። የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ የዝናብን ዕድል ቀኑን በስድስት ስድስት ሰዓት ከፍሎ በመቶኛ ያወጣል። ይህ ቁጥር ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ዝናብ የመጣሉን ዕድል ይናገራል እንጂ ስለ ዝናቡ ብርታት የሚለው ነገር የለም፤ 30 በመቶ በተባለበት ከሰዓት በኋላም ዶፍ ሊወርድ ይችላል።

ከልብስ ሁሉ በፊት ለእግርዎ ያስቡ። በብዙ ቤተ መቅደሶችና ወለላቸው ምንጣፍ በለበሰ ምግብ ቤቶች ጫማ ስለሚወለቅ፣ ካልሲው የረጠበ ሰው በቀዝቃዛ የእንጨት ወለል ላይ ይቸገራል፤ ወለሉንም ያረጥባል። ሁለት ጥንድ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ከረጢት አድርገው ይያዙ፤ ቶሎ የሚወልቅና የማያንሸራትት ጫማም ያድርጉ። ጃንጥላ ከሌለዎት በየመንገዱ ባሉት ትንንሽ ሱቆች ብርሃን የሚያስተላልፈውን ርካሽ የላስቲክ ጃንጥላ መግዛት ይቻላል። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ በምግብ ቤት በር ላይ ከሌላ ሰው ጃንጥላ ጋር እንዳይቀያየርብዎት እጀታው ላይ ክር ወይም ጨርቅ ይሰሩበት። ደረጃ በበዛበትና ሰው በሚጨናነቅበት ስፍራ ግን ሁለት እጅን ነጻ የሚያደርገው የዝናብ ልብስ ይሻላል።

ከፍታውንም ማስላት ያስፈልጋል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ከቶኪዮ ተነሥቶ በፉጂ ተራራ ላይ አውቶቡስ እስከሚወጣበት 2,300 ሜትር ገደማ የደረሰ ሰው 14 ዲግሪ ያህል ብርድ ይጨመርበታል። ተራራው 3,776 ሜትር ቢሆንም አንድ ጉም ሙሉ በሙሉ ሊሰውረው ይችላል። ብዙ ተጓዦች ፎቶግራፉን ለመጨረሻው ማረፊያ እያቆዩ ዕድሉ ያመልጣቸዋል፤ ፉጂ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል በተገለጠበት ቅጽበት ይዩት፣ ያንሡትም። በፉጂ አቅራቢያ ባለው ተራራማ የሃኮኔ አካባቢ ደግሞ ኦዋኩዳኒ ወደተባለው የእሳተ ገሞራ ሸለቆ የሚወስደው ተንጠልጣይ ኬብል ካር ነፋስ ሲበረታ ወይም የእሳተ ገሞራው ጋዝ ሲጨምር ይቆማል። በዚያ ጊዜ አስጎብኚው የሚያመለክተውን ተለዋጭ መንገድ ያለ ክርክር መከተል ለቡድኑ ሁሉ ጊዜ ያተርፋል።

ሩቁ በጭጋግ ሲሸፈን ቅርቡን ማየት ይገባል፤ ለዚህም ከቶኪዮ በስተ ሰሜን ያለችው ተራራማዋ ኒኮ ከሁሉ የተሻለች ምሳሌ ትመስለኛለች። 97 ሜትር የሚወርደው የኬጎን ፏፏቴ በጭጋግ ቀን ድምፁ ብቻ የሚሰማበት ጊዜ አለ። የቶሾጉ መቅደስ የእንጨት ቅርጾች ግን፣ ማለትም ሦስቱ ዝንጀሮዎችና የተኛችው ድመት፣ በዝናብም ቀን ከቅርብ ሆነው በእርጋታ የሚያዩዋቸው ናቸው። በኪዮቶም እንዲሁ፣ 120 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የሳንጁሳንገንዶ አዳራሽ ውስጥ የተሰለፉትን 1,001 ሐውልቶች ዝናብ አይከለክልዎትም፤ በውስጡ ፎቶግራፍ ማንሳት ስለማይፈቀድ ደግሞ ዓይንዎ ከስልክ ያርፋል። የአትክልት ስፍራዎችን በካፊያ ማየት ራሱን የቻለ ጸጋ ነው፤ በመሬትና በድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት እንደ አዲስ ይለመልማል፣ ድንጋዩም ቀለሙ ይጎላል።

ምሳ የቀኑ ብቸኛ የማይናወጥ ማረፊያ ስለሆነ ሰውነትን ለማሞቅ ይጠቀሙበት። ምርጫ ካለ በኪዮቶ ዩዶፉ የተባለውን በትኩስ ውኃ የሚበስል ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ)፣ በኒኮ ከአኩሪ አተር ወተት ላይ የሚገፈፈውን ዩባ፣ በፉጂ ግርጌ በያማናሺ ደግሞ ከዱባ ጋር በሚሶ (በተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) የሚሠራውን ሆቶ የተባለ ወፍራም ኑድል ይምረጡ። ለቡድን በሚቀርበው ገበታ ላይ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ምድጃና ድስት ይቀመጣል፤ እሳቱ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ክዳኑን አለመነካካት ይመከራል። ሾርባ ሳህኑን በእጅ አንሥቶ መጠጣት፣ ኑድልንም ድምፅ እያሰሙ መሳብ ነውር አይደለም። ቾፕስቲክን (ጥንዱን የመመገቢያ እንጨት) ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ወይም ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀበል ግን የቀብር ሥርዓትን ስለሚያስታውስ ፈጽሞ አይደረግም። ጉርሻ ገንዘብ መስጠትም አልተለመደም።

በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ ዳሺ የሚባለው የሾርባ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ስለሚዘጋጅ፣ አትክልት ብቻ የሚመስል ምግብ እንኳ ዓሣ ሊኖርበት ይችላል። ከአልኮል የሚታቀብም በብዙ ወጦች ውስጥ ሚሪን የተባለ ጣፋጭ የሩዝ ወይን እንደሚገባ ይወቅ። የቡድን ምግብ አስቀድሞ ስለሚሰናዳ ይህን መናገር የሚገባው ቦታ ሲያስይዙ ነው፤ ገበታ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሲናገሩ አስተናጋጁን ማስጨነቅ ብቻ ይሆናል። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ የሆነው ሾጂን ርዮሪ ሥጋም ዓሣም ስለሌለው ለጾመኛ የሚስማማ ነው።

በቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር ባለው የናካሚሴ የሱቆች መንገድ መክሰስ ሲገዙ እየተራመዱ መብላት ስለማይደገፍ ከገዙበት ሱቅ ፊት ቆመው ይጨርሱ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በመንገድ ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ባዶ ከረጢት በቦርሳዎ ይኑር።

የመሰብሰቢያው ሰዓት ግምት አይደለም። አስጎብኚው 10:40 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4:40 ማለት ነው፤ በመቀመጫዎ መገኘት ያለብዎትም ከዚያ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። በዝናብ ቀን ጃንጥላው የአስጎብኚውን ባንዲራ ስለሚሸፍነው፣ ከመውረድዎ በፊት የአውቶቡሱን ቁጥርና የቆመበትን ስፍራ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ማታ ሆቴል ሲደርሱም የረጠበውን ጫማ በጋዜጣ ወረቀት ጠቅጥቀው ያስቀምጡ፤ ከመተኛትዎ በፊት ወረቀቱን አንድ ጊዜ ከለወጡት ለነገው ጉዞ ይደርቃል።