ውጭ አገር ሆነው የአያትዎን የሞት መዝገብ ከአዲስ አበባ ለማግኘት

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ያረፈ ሰው ይኖርበት በነበረው ወረዳ የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል። በ1960ዎቹ አራዳ ውስጥ ያረፉ አያት ግን እዚያ መዝገብ ላይ ባይገኙ አይደነቁ፤ ያኔ ሞትን ማስመዝገብ ልማድ አልነበረም። ስለዚህ ዘመድዎን ወረዳ ለወረዳ ከማንከራተትዎ በፊት የሟቹን ስም እስከ አያት፣ የክርስትና ስማቸውንና ያረፉበትን ዕለት ይያዙ።

ዕለቱን አረጋውያን በቁጥር አይነግሩዎትም። «በዘመነ ማርቆስ፣ በኅዳር ሚካኤል» ይሉዎታል። እንዳለ ይጻፉት፤ ከዚህ የጠራ መረጃ አያገኙም። በየወሩ ሚካኤል 12፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23 ነው። ዓመቱ የተሰየመበትን ወንጌላዊ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። 1962፣ 1966 እና 1970 ሁሉም ማርቆስ ናቸው። «አብዮቱ የፈነዳ ዓመት» የሚል ከተጨመረበት ኅዳር 12 ቀን 1966 ሆነ ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1973። ብዙ ሰው በጅምላ 8 ዓመት ይደምርና ቀኑን ያበላሻል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ልዩነቱ 7 ነው።

ቀጥሎ እድር። የመዋጮ መዝገቡና ለቀብር የተከፈለው ገንዘብ ቀን ይዟል። ሴት አያትዎን በራሳቸው ስም ካጡ በባላቸው ወይም በልጃቸው ስም ያስፈልጉ፤ አባል ሆኖ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ተበትኗል፤ መዝገቡ ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ሰፈር ለቆ ሊሆን ስለሚችል ሰውየውን ማፈላለግ ነው። ይህ እየዋለ እያደረ የሚጠፋ ነገር ነውና አይዘግዩ።

ቤተ ክርስቲያን ሲላክ የክርስትና ስም የግድ ነው። ፍትሐቱ የተደረሰው ለወለተ ማርያም ከሆነ «ወይዘሮ አልማዝ» ብሎ መጠየቅ ሰውን ባዶ እጁን ይመልሳል። የሐውልቱን ጽሑፍ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፎቶ ያስነሱ፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታው የደበዘዘው ፊደል ይነበባል።

የትም ሲፈለግ ስሙ በሁሉም አጻጻፍ ይታይ፦ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ። ጸሐፊው በሰማው ድምፅ ነው የጻፈው።

ለዚህ ሁሉ ዘመድ መላክ ይበቃል። ከመንግሥት ቢሮ የምስክር ወረቀት በእርስዎ ስም እንዲወጣ ከፈለጉ ግን ውክልና ያስፈልጋል። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ፈርመው ዋናውን ይላኩ፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩን ደረጃ ዘሎ በመሄዱ ነው። ውክልናው ላይ «የሞት ምስክር ወረቀት እንዲያወጣልኝ» የሚል ቃል በግልጽ ይጻፍ።