ካርድ ሲመጣ፦ ከ«ስንተኛ ወጣህ?» በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ቤት ሲገባ አብዛኛው ወላጅ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ደረጃው ላይ ነው። ደረጃ ግን በልጁ እጅ ያለ ነገር አይደለም። አማካዩ ከ84 ወደ 86 ከፍ ያለ ተማሪ፣ ሁለት ጎበዝ ልጆች ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው ስለመጡ ብቻ ከ3ኛ ወደ 5ኛ ሊወርድ ይችላል። ያን ቀን ቁጣ ከጠበቀው፣ ያሻሻላቸው ሁለት ነጥቦች ለማንም ዋጋ እንደሌላቸው ተረድቶ ይተኛል። ስለዚህ መጀመሪያ አማካዩን ካለፈው ካርድ አማካይ ጋር ያስተያዩ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ትምህርት ይዩ። ደረጃውን በመጨረሻ ይዩት፤ ቢተዉትም የሚጎድልብዎት ነገር የለም።

ከዚያ ወረቀት ያውጡና ልጁ ለደከመበት አንድ ትምህርት ሁለት ቁጥር ይጻፉ። አንደኛው «እንዲያመጣ የምመኘው»፣ ሁለተኛው «አሁን ባለው አያያዝ ያመጣል ብዬ ከልቤ የምገምተው» ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይኖራል። በጀርመን ባቫሪያ ግዛት ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የወላጅ ከፍ ያለ ምኞት ከልጁ የሒሳብ ውጤት መሻሻል ጋር አብሮ እንደሚሄድ፣ ምኞቱ ከግምቱ አልፎ ሲርቅ ግን ውጤቱ ወደ ታች እንደሚያዘነብል አሳይቷል። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። 52 ላመጣ ልጅ «90 እፈልጋለሁ» ካሉት፣ በመጀመሪያው ፈተና 61 ቢያመጣም ያው ወዳቂ ነው። ታዲያ ለምን ይልፋ? ለ52 የሚሆነው ግብ ከ57 እስከ 62 ነው። እሱ ሲደረስ ሌላ 5 ወይም 10 ይጨመራል።

ግቡን ከማስቀመጥዎ በፊት ግን ነጥቡ የት እንደጠፋ ይፈልጉ። እዚህ ላይ ጊዜ ቢያጠፉ አይቆጭዎትም። ካርዱ ላይ ያለው ድምር ነው፤ ምስጢሩ ያለው ታርመው በተመለሱት የፈተና ወረቀቶች ውስጥ ነው። ሦስት ወይም አራት ወረቀት ከልጁ ጋር ዘርግተው እያንዳንዱን ስህተት ከሦስት በአንዱ ይመድቡ፦ ያልገባው፣ እያወቀ በጥድፊያ የሳተው፣ ሰዓት አልቆበት ያልደረሰበት። ለምሳሌ ከ20 ነጥብ ውስጥ 9ኙ ጠፍቶ፣ 5ቱ በክፍልፋይ ላይ፣ 2ቱ ቁጥር ሲገለብጥ፣ 2ቱ በሰዓት እጥረት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ይህ ልጅ «ሒሳብ የማይገባው» ሳይሆን ክፍልፋይ ያልገባው ነው። አስጠኚ ከተቀጠረም ሁለት ሳምንት በክፍልፋይ ላይ ብቻ እንዲቆይ ይንገሩት፤ ከመጽሐፉ ምዕራፍ አንድ ልጀምር ካለ ገንዘብዎን እያባከነ ነው። ለጥድፊያው መድኃኒቱ መልስን ወደ ጥያቄው መልሶ ማረጋገጥ ነው፤ ለሰዓቱ ደግሞ ቤት ውስጥ በሰዓት የተወሰነ ልምምድ።

ከልጅ የሚጠበቀው ነገር በአፍ ከሚነገረው ይልቅ በሰዓት አከፋፈል ይታያል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወንዱ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ ሴቷ ሽንኩርት የምትከትፍና ዕቃ የምታጥብ ከሆነ፣ «አንቺም ተምረሽ ትልቅ ሰው ትሆኛለሽ» ቢባል ማን ያምናል? ለሁለቱም ተመሳሳይ 45 ደቂቃ ይከለል፤ ሥራውም በተራ ይሁን። ቴሌቪዥኑም ያን ጊዜ ይዘጋ፣ የአዋቂዎቹም ጭምር።

ወደ ምስጋናው ስንመጣ፣ «ጎበዝ» የሚለው ቃላችን ችሎታንም ጥረትንም ስለሚሸፍን ከኋላው የሚከተለው ነገር ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የታተመ የታወቀ ሙከራ ላይ፣ ቀላል ጥያቄ ሠርተው ስለ ብልህነታቸው የተመሰገኑ የ5ኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ስለ ጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል፤ ውጤታቸውን ሲጠየቁ የዋሹትም በነሱ ዘንድ በዝተዋል። ብልህ የተባለ ልጅ ሲሳሳት የሚያጣው ነጥብ ብቻ አይደለም፣ ስሙንም ነው። ስለዚህ «ጎበዝ፣ ጭንቅላት አለህ» ከማለት «ጎበዝ፣ ያቺን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሞክረህ አገኘሃት» ይበሉ። «በርታ»፣ «በርቺ» ደግሞ ድሮም ትክክለኛ ቃላችን ነበር።

በተቃራኒው የሚጎዳው ዝቅ ያለ ግምት ነው፤ ብዙ ጊዜ ርኅራኄ መስሎ ይገባል። «ተወው፣ ሒሳብ ለእኔም አልሆነልኝም» የሚል እናት ወይም አባት ልጁን ያጽናና ይመስለዋል፤ ልጁ የሚሰማው ግን የመሰናበቻ ፈቃድ ነው። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደርም ያው ነው፣ ምክንያቱም ልጁ የዚያን ልጅ ደብተር፣ አስጠኚና የእንቅልፍ ሰዓት አያገኝም።

12ኛ ክፍል ላይ ነገሩ ይለወጣል። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው 50 በመቶ ያላመጣው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። «ዶክተር ካልሆንክ» የሚለውን ንግግር ትተው፣ ፈተናው ከመድረሱ ሁለት ወር በፊት «ካልመጣልህስ?» የሚለውን አብራችሁ ተነጋገሩበት፦ የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በግል ተፈታኝነት መድገም፣ ቴክኒክና ሙያ። ውጤቱ በወጣ ማታ የተነሳ ወሬ ቅጣት ይመስላል፤ ቀድሞ የተነገረ ግን ልጁ ፈተናው ላይ እጁ ሳይንቀጠቀጥ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

ካርድ የደበቀ ወይም ፊርማ አስመስሎ የፈረመ ልጅ ቢያጋጥምዎ፣ መጀመሪያ ያለፈው ካርድ ሲመጣ ቤት ውስጥ ምን እንደተባለ ያስታውሱ። ውሸቱን ለብቻው ይያዙት፦ ነገ አብራችሁ ለክፍል ኃላፊው መምህር ሄዳችሁ ይንገር፣ ትክክለኛው ፊርማም ይፈረም። ውጤቱን ግን ከዚህ ጋር አይደባልቁ፤ በሌላ ቀን፣ ከፈተና ወረቀቶቹ ጋር፣ ከላይ እንደተጻፈው ይጀምሩ።